ፅዮናዊትን ያላስረከብኩበት ምክንያት

ጅቡቲ፣ ካርቲዬ 2
ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሊድያ፣
ኩዌት

የምትሠሪበት ቤት ሰዎች ደግ ይሁኑልሽ፣ ጉልበትሽንም አምላክ ይጠብቅልኝ። እኔና ልጅሽ ፅዮናዊት ደህና ነን። በወረቀት የጻፍኩልሽ፣ በስልክ ስቆጣ ስለምትዘጊብኝ ነው።

ሰኞ ዕለት ችሎት ፊት ቆሜ ነበር። እናትሽ፣ በስልሳ አራት ዓመቷ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጥሰሻል፣ ችሎት ደፍረሻል ተብላ። አባቴ በባቡሩ ዘመን እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ ከቤታችን ተከሶ የቆመ ሰው የለም።

ጀንበሬ ባልሽ በነበረ ጊዜም ብዙ ታግሼዋለሁ። አሁን ከስሶ፣ ልጅቷን በየአስራ አምስት ቀኑ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ሃያብለ ሰፈር እህቱ ቤት እንዲወስዳት ተፈረደለት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከባድ መኪናውን እዚሁ ከተማው ዳር፣ ፔካ 12 አቁሞ ሲያድር፣ እኛ ዘንድ ብቅ የሚልበት ግማሽ ሰዓት አልነበረውም። ትኩሳት ሲይዛት አቅፌ ሆስፒታል የሮጥኩት እኔ። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ። ዛሬ አባትነቱ ትዝ አለውና አስረክቢ እባላለሁ።

አላስረከብኩም። በመጀመሪያው ሐሙስ አሟታል አልኩት። በሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን ይዣት ዋልኩ። በሦስተኛው የፍርድ ቤቱን መልእክተኛ ይዞ መጣ። በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ዝም አልኩ። ፅዮናዊት «አያቴ፣ አባዬ እኮ ነው» ስትል አፏን በእጄ ያዝኩት።

ፈረንሳይኛ አያቅተኝም፤ ስናደድ ግን ከአማርኛ በቀር ስለማይመጣልኝ ናዒማ የምትባል አስተርጓሚ አቆሙልኝ።

«ትእዛዙ ደርሶዎታል?» አለኝ ዳኛው።

«ደርሶኛል።»

«ታዲያ ለምን አልፈጸሙም?»

«የልጅ ልጄ ዕቃ አይደለችም።»

«ካልተስማሙ ይግባኝ ይባላል እንጂ በር አይቀረቀርም» አለና ሰባት ቀን እስር ፈረደብኝ።

ይኼኔ ጀንበሬ ተነሳ። «ክቡር ዳኛ፣ እማማን አይሰሩብኝ። ልጄን ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው» አለ። ዳኛውም እስሩን ተወልኝ፤ ፍርድ ቤቱ እስኪዘጋ ብቻ ፖሊሶቹ ክፍል እንድቀመጥ፣ ከደገምኩ ግን ሰባቱን ቀን እንድታሰር ወሰነ። ብታሰር ይሻለኝ ነበር። የእሱን ምልጃ ማን ጠየቀው?

ከሁሉ የከፋው ግን አንቺ ያደረግሽው ነው። ዳኛው አንድ ወረቀት አሳየኝ፤ ኩዌት ካለው ኤምባሲ ማኅተም ጋር። የልጅቷ እናት ተስማምታለች ይላል፣ ከሥሩ ፊርማሽ። ሊድያ፣ እየደወልሽ ስለ አየሩና ስለ ጉልበቴ ስትጠይቂኝ ፈርመሽ ነበር ማለት ነው። ለእሱ ፈርመሽ ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈስሽም። ሰው ፊት ቆሜ የልጄን ነገር ከባዕድ ሰማሁ።

እዚያ ክፍል ፋጤ የምትባል ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ከጎረቤቷ ተጣልታ ነው። ምን አድርገሽ መጣሽ አለችኝ። የልጅ ልጄን ከአባቷ ደብቄ አልኳት።

«ይመታታል?»

«አይመታትም።»

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

ሻሿን አስተካክላ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ከዳኛው የበለጠ አናደደችኝ።

ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው። እሰጠዋለሁ። እስሩን ፈርቼ እንዳይመስልሽ። ልብሷን ተኩሼ ቦርሳዋ ውስጥ ከትቻለሁ። ደስ ብሏታል፤ እኔ ስገባ ግን ፊቷን ታጠቁራለች። በሰባት ዓመቷ ለእኔ መጠንቀቅ ጀምራለች። ቅዳሜ ማታ ይመልሳታል ይላል ወረቀቱ። ሐሙስ ራት ምን እንደምሠራ እንጃ። ለአንድ ሰው ስንት ሩዝ እንደሚቀቀል አላውቅም።

በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ የለፋሽበትን ለልጅሽ ያብቃልሽ።

የተቀየመችሽ እናትሽ፣
አበዛሽ