ለሽማግሌ የተገዙ ወንበሮች

ቶተንሃም፣ ለንደን
እሁድ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዳናዊት፣

እንዴት ነሽ? ደረትሽስ እንዴት ነው? እዚያ ያላችሁበት አገር ጠዋት ጠዋት ጉም እንደሚተኛበት አሁን አውቄአለሁ። ኢንሄለርሽን ከቦርሳሽ እንዳታወጪ። እኔ ደህና ነኝ። የምሠራበት ትምህርት ቤት ማሞቂያ ቦይለር ብቻ እንደ ልማዱ ሰኞ ሲሆን አልነሳም ይላል።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ግን በስልክ እጮሃለሁ። ስጽፍ አልጮህም። የምለውን በተራ በተራ ጽፌ ይዣለሁ፣ መቼም ታውቂኛለሽ። መሳቅ ከፈለግሽ ሳቂ። አንብቢው ግን ራስሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት ያመላለስኩሽ ለዛሬ ነው።

አንደኛ። ማግባትሽን የሰማሁት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነው። መስከረም መጀመሪያ፣ ከቅዳሴ ወጥተን ጫማዬን ሳስር ወይዘሮ ጥሩብርሃን ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። «እንኳን ደስ ያለህ! ምነው ሳህሉ፣ አንድ ልጅ ድረህ ሳትጠራን?» አለችና ስልኳን አፍንጫዬ ስር ዘረጋችው። ነጭ ለብሰሻል። ከኋላሽ ማማ ያለው የድሮ ቤት፣ ሁለት ረጃጅም ጥድ፣ የድንጋይ ደረጃ። በአባት ቦታ ክንድሽን የያዘው ወዳጄ ጋሽ አለማየሁ ነው።

«ቦታው ጠቦን ነው» አልኳት።

ቦታው ጠቦን! ከጀርባሽ እኮ ኳስ የሚያጫውት ሜዳ ይታያል። እሷም አይታዋለች። ዓይኗን መለሰች። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ሰው እንኳን ደስ ያለህ ብሎኛል። አሥራ አንድ ጊዜ አሜን ብያለሁ።

ሁለተኛ። ባለፈው ጥር ሽማግሌ የላካችሁ ቀን። እንደ አዲስ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም አንቺ በሰው አፍ ነው የሰማሽው። የባልሽ የዳቪዴ አባት ፒየሮ፣ አንድም ቃል ያልተነፈሰው ወንድሙ፣ እና ጋሽ አለማየሁ። አለማየሁ ሮም ሁለት ዓመት ኖሯል፣ አስተርጓሚ እሱ ነበር። አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው ወጡ፣ አለማየሁ ከነከዘራው፤ ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር። ፒየሮ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ወንበር አልበቃን ብሎ ወንድሙ የሶፋው ክንድ ላይ ተቀመጠ።

«ልጅዎን ለልጃችን» አለ ፒየሮ። ይህችን በአማርኛ አጥንቶ ነው የመጣው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

«ልጁ ሥራው ምንድነው?» አልኩ።

«የጥንት ቤቶችና ግንቦች ይጠግናል» አለ አለማየሁ።

«የፈረሰ ቤት ለቃሚ ነዋ!» አልኩ። አለማየሁ ሳቀ። ያንን አልተረጎመላቸውም። ከዚያ ልጄ ገና ናት፣ አገሩ ሩቅ ነው፣ አይሆንም አልኩ። ፒየሮ ባርኔጣውን አደረገና ወረዱ።

ዳናዊት፣ የመጀመሪያው ቀን እኮ እምቢ ነው የሚባለው! ልጁን የናቀ ሳይሆን ልጁን ያከበረ አባት ነው እምቢ የሚለው። እናትሽን ካርቱም ላይ ሳገባ አጎቷ ሁለት ጊዜ መልሶኛል። «አታሳፍሩኝ፣ ውጡ» ብሎ አባረረን። በሩ ላይ ስንደርስ «በሚካኤል ማግስት ተመለሱ» አለ። በሚካኤል ማግስት ሄድን፣ እንደገና እምቢ አለ። በሦስተኛው መርቆ ሰጠኝ። ወጉ ይሄ ነው።

አንቺ በማግስቱ ደወልሽ። «አባዬ፣ ሪሊ ኖ ነው ያልከው?» አልሽኝ። ይሄ የሽማግሌ ጉዳይ ነው፣ አንቺን አይመለከትሽም አልኩሽ። «ኢትስ ማይ ላይፍ፣ ዳድ» ብለሽ ዘጋሽው። እኔም ዘጋሁት። ያኔ ሁለታችንም ስልኩን ስንዘጋ ነገሩን የዘጋን አልመሰለኝም ነበር።

ሦስተኛ። ስድስት ወንበር ገዛሁ፣ የሚታጠፍ። ለሚቀጥለው ጊዜ ማንም የሶፋ ክንድ ላይ እንዳይቀመጥ። ከየካቲት እስከ ሰኔ ድረስ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሱፌን ሳላወልቅ ወንበሮቹን ዘርግቼ እቀመጥ ነበር። ማታ አጥፌ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ እመልሳቸዋለሁ። ጎረቤቴ ቤንጃሚን አንድ ቀን በሩ ክፍት ሆኖ አይቶኝ «ስብሰባ አለህ እንዴ?» አለኝ። እንግዳ እየጠበቅሁ ነው አልኩት። በሳምንቱም አየኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም።

አራተኛ ብዬ የጻፍኩት ጣልያን አገር መሄዴን ነው። አዎ፣ ሄጃለሁ። ሰሞኑን፣ ለሃፍ ተርም ዕረፍት ትምህርት ቤት ሲዘጋ። ቁጭ በይና አንብቢ።

ፎቶው ስር ሞንፌራቶ ከሚል በቀር የተጻፈ ነገር የለም። እኔም ኢንተርኔት ከፍቼ በዚያ አውራጃ በጥቅምት ለጎብኚ ክፍት የሆኑትን ግንቦችና ቪላዎች ዘጠኝ መዘገብኩ። ማማ ያለው፣ ጥድ ያለው፣ የድንጋይ ደረጃ ያለው እያልኩ በአጠገባቸው ምልክት አደረግሁ። እስከ ቶሪኖ በአውሮፕላን፣ እስከ አስቲ በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በቀን ሁለቴ በሚመጣ አውቶቡስ።

አገሩ ያምራል፣ ይህን አልክድም። ትንንሽ ኮረብታ ነው ሁሉም፤ በየኮረብታው አናት ላይ ወይ ግንብ ወይ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጧል። የወይን ማሳው ቀልቷል። ቅጠሉ ረግፎ ብርቱካን የሚመስል ፍሬ ብቻ የቀረው ዛፍ በየግቢው አለ፤ ማንም አይለቅመውም። ሰዉ ጥቂት ነው፣ ሽማግሌ ብቻ። የታመመ ሰው ሆስፒታል በምን ይደርሳል እያልኩ ነበር የምዞረው። አንቺ በምን ትደርሻለሽ?

የመጀመሪያው ግንብ ዙሪያውን ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮለታል፣ መከላከያ የሌለው። አንድ ቀን ሰው ይገባበታል። እሱ አይደለም፣ ማማው አራት ማዕዘን ነው፣ የአንቺው ክብ ነው። ሁለተኛው ቪላ ጣሪያው ላይ በደመና የሚበሩ ሰዎች ተስለውበታል። እኔ ጥጉ ላይ ያለውን እርጥበት አየሁና አስጎብኚዋን «አሸንዳችሁ ተደፍኗል» አልኳት። «ሰር፣ ሥዕሉን ይመልከቱ» አለችኝ። በሥዕሉ ውስጥ እኮ ነው ውሃው የሚወርደው! ሦስተኛው ዝግ ነበር።

አራተኛው ጋ ገና ከአውቶቡስ ሳልወርድ ጥዶቹን አወቅኋቸው።

ቁልፍ የያዘች አሮጊት ከፈተችልኝ፣ ሲኞራ ኢዳ ትባላለች። ወጣት ሆና እንግሊዝ አገር፣ ቤድፎርድ ሠርታለች፣ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል። ከጎብኚ እኔ ብቻ ነበርኩ። አዳራሹን፣ የጸሎት ቤቱን፣ ከመሬት በታች በእጅ የተፈለፈለውን የወይን ጓዳ ሁሉ አሳየችኝ። እኔ ስለ ምንም ሳልጠይቃት ደረጃው ላይ ቆማ ጀመረች።

«በነሐሴ እዚህ ሰርግ ነበረን። ሙሽራዋ እንዳንተ ከለንደን፣ መልኳም እንዳንተ። አባቷ ደግሞ! ከነከዘራው ጨፈረ፣ ከነከዘራው አለቀሰ። እንደሱ ያለ አባት አይቼ አላውቅም።»

«የትኛው አባቷ?» አልኳት። አምልጦኝ ነው።

«ሰው ስንት አባት አለው?» አለችና ሳቀች።

ልክ ነሽ አልኳት።

ከዚያ ወደ ጣሪያው ጠቆመች። ያንን ሁሉ የጠገነው ሙሽራው ነው፣ ስምንት ወር ፈጅቶበታል አለች። እኔም አንጋጥጬ አሸንዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተልኩ። መገጣጠሚያውን፣ መውረጃውን፣ ግድግዳውን የሚነካበትን። ስንጥቅ ፈለግሁ፣ ልጄ። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

ቤታችሁን በጣቷ አሳየችኝ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ያለው ቢጫው። ሄድኩ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ። ዳቪዴ መሰላል ላይ ነበር፣ አንቺ ከታች ይዘሽለታል። የሆነ ነገር ብሎሽ ስትስቂ ሰማሁ። መሰላል ሲያዝ እግር ከታችኛው እርከን ላይ ይደረጋል እንጂ በአንድ እጅ ተይዞ ወሬ አይወራም። ድሮ ባሳይሽ ነበር። ልጣራ አፌን ከፈትኩ። የሴት አባት ሳይጠራ ከአማቹ ደጅ አይቆምም፣ ዘጋሁት። የዘጠኝ ሰዓት አውቶቡስ መጣ፣ ተሳፈርኩ። ለቀሩት አምስቱ የገዛሁትን ካርታ እዚያው ወንበሩ ላይ ተውኩት።

እንግዲህ ስሚኝ። ተከድቻለሁ። ይህን ቃል ሳልጽፈው አላልፍም። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ጸጉርሽን መጎንጎን ከቪዲዮ ላይ የተማርኩት እኔ ነኝ። አንድ ደብዳቤ ታጥቶ ነው? እምቢ ትላለህ ብዬ ፈራሁ ብትዪም ይሻለኝ ነበር። የሰው አባት ተውሰሽ!

ትናንት ሃርልስደን አለማየሁ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍቶ «ግባ፣ ብርድ ነው» አለኝ።

«አልገባም። አንተ ወንድሜ ነህ? ጣልያኖቹ ወጉን አያውቁም፣ ልጅቷም እዚህ ነው የተወለደችው። አንተ ግን የመጀመሪያው እምቢ ምን እንደሆነ ጠፍቶህ ነው?»

«አልጠፋኝም። ገና ደረጃውን ስንወርድ ነገርኳቸው። ፒየሮ ደስ ብሎት መቼ ነው የምንመለሰው አለኝ።»

«እና ምን አልከው?»

«መቼ ነበር፣ ሳህሉ?»

ዓይኔን ወደ በሩ ማጠፊያ አዞርኩ።

«ቀጠሮ ሰጠኸን? ሰው እምቢ ይላል፣ ከዚያ ቀን ይሰጣል። እስከ ፋሲካ ድረስ ጠበቅሁህ። ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ኳስ አወራኸኝ። ልጅቷ በሰርጓ ቀን ደረጃውን ብቻዋን ትውረድ ነበር ያልከው?»

ሳልሰናበተው ወጣሁ። ይቅር አላልኩትም፣ ይህን ንገሪው። ሌላው ሁሉ ይቅር፤ ያቺ አሮጊት አባቷ ስትለው «አባቷስ ቶተንሃም ነው ያለው» ማለት ምን ያቅተው ነበር?

ዛሬ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ሱፌን ለበስኩና የውስጥ ኪሱ ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የጥር ዝርዝሬ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የጻፍኩት። ሰባት ነገር አለው። ሻይ አቅርብ። ስለ ሥራው ጠይቅ። የት እንደሚኖሩ ጠይቅ። ስለ ደረቷ ንገራቸው። ሃይማኖቱን ጠይቅ። እምቢ በል። ሰባተኛው፦ ቀጠሮ ስጥ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሁድ።

ስድስቱ ላይ ምልክት አድርጌአለሁ።

«ረስቼው ነው» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ያንን ገጽ ቀድጄ ጣልኩት። አሥራ ሰባት ዓመት በዚያ ትምህርት ቤት ኬርቴከር ሆኜ ቁልፉን ስይዝ አንድ በር ሳልቆልፍ ረስቼ ሄጄ አላውቅም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ያን ቀን ፒየሮ ባርኔጣውን ሲያደርግ ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር፣ ሰባተኛውንም አይቼዋለሁ። እሁድ እሁድ ምሳ የምንበላው እኔና አንቺ ነበርን።

ስለዚህ እነሆ። እሁድ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። በነጋታው ጾም ስለሚገባ ዶሮ እሠራለሁ፤ እንደ እናትሽ አይሆንም፣ አትጠብቂ። ፒየሮ ይምጣ። ዝምተኛው ወንድሙም ይምጣ፣ አሁን መቀመጫ አለው። ሊፍቱ ተሠርቷል። አለማየሁንም አምጡት፣ ያለ እሱ መነጋገር አንችልም። አንቺና ዳቪዴ ግን ታች ቆዩ፣ ሙሽሮች ሽማግሌ መሃል አይገቡም። የሚሞቅ ልብስ ልበሺ፣ ግቢው ነፋስ አለው።

እምቢ እላለሁ። ሁለተኛው ቀን ስለሆነ እምቢ ማለት አለብኝ፣ ሰርጉ ቢያልፍም ወጉ አላለፈም። እንዳትደነግጪ፣ አማቾችሽንም አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እምቢ ካልኩ በኋላ፣ በሩ ላይ ሲደርሱ፣ የሦስተኛውን ቀን እነግራቸዋለሁ። ዝም ካልኩ ግን አለማየሁ ይጠይቀኝ። እሱም ዝም ካለ አንቺ ደረጃውን ወጥተሽ «መቼ?» በይኝ።

እግዚአብሔር ደረትሽን ያስፋልሽ። መሰላሉ ላይ ያለውንም፣ መሰላሉን የያዘችውንም ይጠብቅልኝ። ቤታችሁ ከዝናብ ይጠበቅ፤ አሸንዳው ደህና ነው፣ አይቼዋለሁ።

የምትወጂው ከሆነ አሁንም፣

አባትሽ ሳህሉ