ባቡሩ ትንሽ ዘግይቷል

ለውድ አባቴ ለአቶ መኮንን፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደብዳቤዬን እህቴ ረድኤት ቀስ ብላ ታነብልዎታለች።

እዚህ ዶሃ የባቡር ጣቢያ በር ላይ ጥበቃ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስውል ማታ እግሬ የእኔ አይመስለኝም። ባቡሩ ሾፌር የለውም ብልዎ አያምኑኝም።

ሰሞኑን ፈቲያ የምትባል ያገራችን ልጅ፣ ነርስ ናት፣ ለእረፍት ሄዳ የእርስዎን ጣቢያ ጎብኝታ ኖሮ ቪዲዮ አሳየችኝ። ባቡሩ መምጣት ካቆመ ስንት ዘመኑ፣ ጣቢያው ግን ለጎብኚ ተቀብቶ አምሮበታል። እርስዎም የጣቢያ ሹም ቆብዎን አድርገው፣ «ከሐዲዱ ራቁ! ባቡሩ ትንሽ ዘግይቷል እንጂ ይመጣል» ይላሉ። ጎብኚዎቹ ሳቁ፤ አጨበጨቡም። እነሱ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሲሄዱም እርስዎ ፀሐይ ላይ ቆመው ሐዲዱን ያያሉ።

አባቴ መሆንዎን ስነግራት፣ «አባትህ ትወናውን ይችሉበታል!» አለችኝ።

«አዎ፣ ይችሉበታል» አልኳት።

እሑድ ስደውል በሟቹ አጎቴ ስም፣ ሽመልስ ብለው ጠሩኝ። እኔም አቤት አልኩ። ምሳ በልተው ነበር? ረድኤት፣ ወደ ጣቢያው ሲወርዱ አብረሽ ውረጂ፤ ውሃም ያዥላቸው።

ፈቃድ ጠይቄ አለቃዬ «ኢንሻአላህ» ብሎኛል። እኔ ግን ትኬት ቆርጫለሁ። ከአውሮፕላን ወርጄ የምመጣው በመኪና ነው አባባ፤ እቤት ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ።

ጉልበትዎን እስክስም ድረስ ደህና ሆነው ያቆዩኝ።

ልጅዎ ግዛው