ከበሩ እስከ ስምንተኛ ክፍል

አያ ክንዴ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ፊደል ባትቆጥርም እስከ ዛሬ የጻፍሁትን ደብዳቤ ሁሉ ሳልልከው አስቀድሜ ላንተ አነብልህ ነበርና ይህንንም ስማኝ። ሰላምታው በዛ እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ የሚጻፈው ለርእሰ መምህሩ ስለሆነ ግን ማሳጠር አይቻልም።

ለተከበሩ አቶ ውብአየሁ ነጋ
የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር
ዳንግላ

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ቤተሰብዎ፣ በቅሎዎ፣ በተለይም ሁለቱ ጉልበቶችዎ ደኅና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከግራ ጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሰሌዳው ላይ ከማስታወቂያዎ ጎን መለጠፌ ማስታወቂያው ብቻውን ብዙ ስለከረመ ነውና በድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ባለፈው ኅዳር ከእንጅባራ ጋር በተደረገው የኳስ ግጥሚያ የጉልበቴ ጅማት ሲበጠስ፣ በማግስቱ ሰልፍ ላይ ስሜን ጠርተው ስላስጨበጨቡልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ጅማቱን አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ቀደው ሰፍተውልኛል። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ፣ እስከ ክረምት በምርኩዝ እንድሄድ፣ ጉልበቴን በየቀኑ እንዳጥፍና እንድዘረጋ፣ ዳግመኛ ከተጠመዘዘ ግን እርሱም እንደማይመልሰው ነግሮኛል። ታላቅ ወንድሜ ክንዴም ከወይራ ምርኩዝ ጠርቦ፣ ብብቴ ሥር የሚውለውን በበግ ቆዳ ጠቀለለልኝ።

ሁለተኛ፤ ሁለት ተማሪዎች ገበያ ላይ በዱላ ስለተፈናከቱ፣ ማናቸውም ዱላና ሽመል ከበሩ እንዳያልፍ በማስታወቂያ ማዘዝዎ ለእኛው ደኅንነት እንደሆነ ገብቶናል። ዘበኛው አያ እንየው ምርኩዜን ከዱላዎቹ ጋር ባስቀመጠው ጊዜ፣ ወንድሜ ጋቢውን አደግድጎ «ጌታዬ፣ ይህ እኮ እግሩ ነው» ቢልዎ፣ ደንብ ለአንድ ሰው ተብሎ እንደማይጣስ አስረዱት። «እንግዲያው ዱላው ካልገባ እኔ ልግባ?» ሲልዎም ጥቂት አሰቡና «አንተ ዱላ አይደለህም፣ ግባ» አሉት። ስለዚህ ፍርድዎ ሳመሰግን እኖራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ክንዴ ጠዋት ጠዋት በሬዎቹን ከመጥመዱ በፊት ትከሻውን እያስደገፈ ከክፍሌ በር ያደርሰኝ ነበር። «ተረከዝህን አስቀድም፤ አሥር ብቻ ቀረ» ይለኛል፤ አሥሩንም እርምጃ በአገውኛ ይቆጥርልኛል። ከትምህርት ስንመለስ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ጉልበቴን እያጠፈ ይዘረጋልኛል፤ ስጮህም «እንጅባራ ላይ ጎል ስታገባ ጊዜ እንዲህ አልጮህህም» ይለኝ ነበር። በመጋቢት መጨረሻ ተረከዜ ቂጤን ሊነካ አራት ጣት ቀርቶት ነበር። አሁንም አራት ጣት እንደቀረው ነው።

ሦስተኛ፤ ክንዴ ተስቦ ይዞት በዘጠነኛው ቀን አረፈ። ለሐዘን ሰባት ቀን ብቀር፣ ምክንያቱ በአሳዳጊዬ ፊርማ ተረጋግጦ ካልቀረበ ሰባቱም ቀን ያለ ፈቃድ እንደቀረሁ እንዲቆጠር አዘዋል። እናትና አባታችን ካረፉ ወዲህ አሳዳጊዬ እርሱ ነበር፤ አውራ ጣቱን ቀለም እየነከረ ይፈርምልኝ የነበረውም እርሱው ነው። ፊርማው የግድ ከሆነ ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከዋርካው በስተ ቀኝ ይገኛል። እዚያ በር ላይ ዱላ የሚቀበል ዘበኛ ስለሌለ ለመግባት አይቸገሩም።

አራተኛ፤ በሰኔ የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለ። ያለ ፈቃድ አሥር ቀን የቀረ እንደማይፈተን፣ ስም ከተጠራ በኋላ የገባም እንደቀረ እንደሚቆጠር ደንባችን ይናገራል። እኔ ስምንት ሞልቶኛል። ስለዚህ ምርኩዜ ከበሩ እስከ ክፍሌ ድረስ ብቻ እንዲገባልኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ ክፍል ውስጥ መምህሩ እግር ሥር አስቀምጠዋለሁ፣ ማንንም አልመታበትም። ይህ ደንቡን የሚያፈርስ ከሆነ ግን፣ ዱላ ያልሆነ ሌላ ወንድም እንዲመደብልኝ አመለክታለሁ።

ውሳኔዎን በአንድ እግሬ ቆሜ የምጠባበቅ፣ በቀረኝም እግር ታዛዥዎ የሆንሁ፣

ዓለምነው ሀብቱ
የስምንተኛ ክፍል ተማሪ

ግልባጭ፦ ለዘበኛው ለአያ እንየው (ማንበብ ስለማይችል በቃሌ ነግሬዋለሁ፤ «እኔ ምን ላድርግ ልጄ» ብሏል።)

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ብቻዬን የመጣሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ትናንት ነበር። ምርኩዜን አስረክቤ አጥሩን እየያዝሁ ሄድሁ፤ አጥሩ ሲያልቅ ቆምሁ። እርስዎ በዚያው በር ከዘራዎን ይዘው ገቡና «እንዴት አደርህ» ብለውኝ አለፉ። ከዘራ በማስታወቂያው ውስጥ ስሙ ስላልተጠቀሰ፣ ለሚያነክስ ይሁን ለማያነክስ የተፈቀደው በሌላ ማስታወቂያ ቢገለጽልን ደግ ነበር። እርስዎ ካለፉ በኋላ ተረከዜን አስቀድሜ «አሥር ብቻ ቀረ» አልሁና በአገውኛ ቆጠርሁ። አሥሩ አለቀ፤ ክፍሉ ገና ሩቅ ነበር። ላብ ዓይኔ እስኪገባ ቆሜ እንደገና «አሥር ብቻ ቀረ» አልሁ። ክንዴ ሲያደርሰኝ መንገዱ ስንት እርምጃ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስምንት ጊዜ ራሴን ዋሽቼ ስደርስ ስም ተጠርቶ አልቋል።