በሬሕማ ፍራሽ ላይ ተኝተው አዲስ አበባ ስለገቡት ብስክሌቶች

ለክቡር አቶ ሸዋአለም ገዛኸኝ
«ፔዳል ለእህቶቻችን» የአዲስ አበባ–ካርቱም የበጎ አድራጎት የብስክሌት ጉዞ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አዲስ አበባ

ካርቱም፣ ሳጃና
ጥር 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ክቡር ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት ፈጣሪ እንዲጠብቅ፣ ከገዳሪፍ ወዲህ ያለውን መንገድ በመኪና እንዲጨርሱ ያስገደደዎት የጉልበት ሕመምም ፈጽሞ እንዲለቅዎት እመኛለሁ። ካርቱም መግቢያ ላይ ከመኪናው ወርደው፣ ብስክሌትዎን አስወርደው፣ የመጨረሻዋን ሪባን በደረትዎ ሲበጥሱ በዓይናችን ስላየን፣ ሕመሙ ለዚያች ለጥቂት ደቂቃ እንደታገሠዎት እናውቃለን። ሕመሙን እናመሰግናለን።

ምናልባት ከረሱኝ፣ ሳጃና ውስጥ ምግብ ቤት ያለኝ፣ ብስክሌተኞችዎ የገቡ ዕለት ምሳ ያቀረብኩላቸው፣ እርስዎም ከመድረክ ላይ «ወንድማችን ካሳሁን» ብለው በጭብጨባ ያስመሰገኑኝ ሰው ነኝ። ስሜ ቢልልኝ ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለእርስዎ በግል የላክኋቸው መልእክቶች በሙሉ በአንድ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ስለተመለሱልኝና፣ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ያመለከተው ምን ለማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ ስላልገባኝ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ካርቱም ውስጥ በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ ብዙዎቹም ከወሎ የመጡ እህቶቻችን ሲታመሙ ወይም ሲጎዱ አገራቸው የሚመልሳቸው አያገኙም። የክቡርነትዎ ኮሚቴ ይህ አሳዝኖት ከአዲስ አበባ ካርቱም ድረስ ብዙ ቀን በብስክሌት ተጓዘ። ብስክሌተኞቹ ሲመለሱ በአውሮፕላን ስለሚሄዱ፣ እነሱን ሲከተል የመጣው አውቶቡስ ባዶውን ከሚመለስ አራት ሕመምተኛ ሴቶችን ይዞ እንዲገባ ቃል ተገባልን። በቢጫ ቲሸርታችሁ ጀርባ ላይም «ስንመጣ በፔዳል፣ ስንመለስ ከእህቶቻችን ጋር» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ጽሑፉ ያምር ነበር።

ከአራቱ አንዷ ሬሕማ ናት። አርካዊት በሚባለው የካርቱም ሰፈር በምትሠራበት ቤት የጣሪያውን የውኃ ታንከር ልታጥብ ወጥታ ከመሰላል ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ፤ የገጠመውም ተጣሞ ነው። ትቆማለች፣ ትተኛለች፣ መቀመጥ ግን አትችልም። ስለዚህ በየቀኑ ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ገላባት የሚወጣው የሕዝብ አውቶቡስ ለእሷ የለም። የእናንተ አውቶቡስ ግን የኋላ ወንበሩ ከግራ መስኮት እስከ ቀኝ መስኮት ወጥ ነው፤ ሰው ያስተኛል። የሬሕማ ተስፋ ያ ወንበር ነበር።

ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ለብስክሌቶቹ ስላደረጋችሁት እንክብካቤ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ብስክሌቶቹን ይመልሳል የተባለው ዕቃ ጫኝ መኪናችሁ ወድ መደኒ ከተማ ላይ ተበላሽቶ መቅረቱን ሰምተን አዝነናል። ተመላሾቹ ሴቶች የስንብት ፎቶ እንዲነሡ ወደ ጥቁር ዓባይ ዳር በተወሰዱበት ሰዓት፣ «ያላ እህቶች፣ ባነሩን ከፍ፣ ፈገግ!» እየተባሉ በነበረበት ሰዓት፣ ብስክሌቶቹ ወደ አውቶቡሱ ገቡ። ስንመለስ መሪያቸው ተጣሞ፣ በየወንበሩ ሁለት ሁለት ሆነው በሥርዓት ተቀምጠው አገኘናቸው። ሦስቱ ምርጦች ደግሞ ከኋላ በፍራሽ ላይ ተኝተው፣ እንዳይጫጫሩ ብርድ ልብስ ለብሰው ነበር። ፍራሹ የሬሕማ ነው። ማዮ ሰፈር የምትኖር መዲና የምትባል እህታችን ወንበሩን በክንዷ ለክታ፣ ጥጡን ፈልፍላ የሰፋችው ነው። የብስክሌቶቹ ቁመት ከሬሕማ ቁመት ጋር እንዲህ መስማማቱን ማን ያስብ ነበር?

2ኛ. የጉዞው አስተባባሪ የሆነው ወጣት ጥጋቡ ስለሰጠኝ ማብራሪያም አመሰግናለሁ። ብስክሌቶቹ በጊዜያዊ የጉምሩክ ፈቃድ የገቡ ስለሆኑ ተቆጥረው መውጣት አለባቸው። «ካልወጡ እኮ ዋሱ ነው የሚያዘው፣ ጋሼ፤ ይግባዎት እንጂ» አለኝ። «ለሴቶቹስ ማን ዋስ ሆነላቸው?» ብዬ ስጠይቀው «ለእነሱ ሁለተኛ ዙር አለ፣ ኢንሻአላህ» አለ። በወሎ ሴቶች ፊት ኢንሻአላህን እንዲህ እንደ በር መዝጊያ መጠቀም ድፍረት ይጠይቃል፤ ልጁ ሩቅ ይደርሳል። ነገሩ ግን ገብቶኛል። በሁለቱ ዋና ከተሞች መካከል በሰላም ለመመላለስ ሁለት ጎማ ያለው ከሁለት እግር ካለው ይሻላል፤ ቢያንስ ተጠያቂ አለው።

ሦስቱ ሴቶች መቀመጥ ስለሚችሉ ሰፈሩ ተረባርቦ በማግስቱ በሕዝብ አውቶቡስ ሸኛቸው። ሬሕማ ቀረች።

3ኛ. ስለ አፉታ። ይህ ኮሚቴው በዕቅዱ ያልያዘው ጉዳይ ስለሆነ አልፈርድም። የወሎ ሰው ረጅም መንገድ ሊሄድ ሲነሣ ያስቀየመውንም ያላስቀየመውንም እየዞረ «አፉ በሉኝ» ይላል፤ የተጠየቀው አፉ ካላለ መንገዱ አይቀናም። ሬሕማ መዞር ስለማትችል ሰዎቹ ወደ እሷ መጡ። ፋሪሃ የምትባል ጎረቤቷ በአንድ የተቃጠለ ድስት ሰበብ ሁለት ዓመት ሙሉ አኩርፋት ነበር፤ መጥታ አቅፋት አለቀሰችና «በዱንያም በአኼራም አፉ ብዬሻለሁ» አለቻት። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ሬሕማን ተሸክመን ስንመልሳት ያው ፋሪሃ በር ላይ ቆማ አየችንና «እኔ እኮ አፉ ያልኩት ለሄደች ሰው ነው! ድስቴስ?» አለች። ሬሕማ ዳሌዋን ይዛ ስቃ ስቃ ልትሞት ነበር። ሳቁ ሲያልቅ ግን ያለው ሌላ ነው። የተሰናበተ ሰው ሲመለስ የት እንደሚቀመጥ ማንም አያውቅም፤ እሷ ደግሞ ጭራሽ መቀመጥ አትችልም። የነበረችበት ክፍል ለሌላ ተሰጥቷል። አሁን የምትተኛው ከምግብ ቤቴ ጓሮ፣ የሽንኩርት ጆንያ በማስቀምጥበት ክፍል ነው።

4ኛ. የሬሕማ አጎት ይማም ከወሎ፣ ከቃሉ ወረዳ ተነሥቶ አዲስ አበባ ላይ ባዘጋጃችሁት የአቀባበል ሥነ ሥርዓት ላይ ተገኝቶ ነበር። እኛ ደውለን ሳንደርስበት አውቶቡሱ ቀድሞ ደረሰ። ሙዚቃው ተመታ፤ በሩ ተከፈተ፤ ብስክሌት ወረደ። ሰው አጨበጨበ። ይማም በኋላ በስልክ እንደነገረኝ፣ እሱም መጀመሪያ ከሰው ጋር አጨብጭቧል፤ ዕቃው ሲራገፍ ሰው ይከተላል ብሎ። የመጨረሻው ብስክሌት እስኪወርድ ቆመ፤ ሾፌሩ በሩን ሲዘጋ ብቻ «ሰዎቹስ በየትኛው ነው የሚመጡት?» ብሎ ጠየቀ። ሾፌሩ «የምን ሰዎች?» አለው። ስለ መስተንግዶው፣ በተለይም ለይማም ስለተሰጠችው የታሸገች ውኃ፣ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

5ኛ. ለሬሕማ መታሰቢያ እንዲሆናት የላካችሁላት ሄልሜት ደርሷታል። ከመሰላሉ በፊት ቢሆን ኖሮ የበለጠ ይጠቅማት እንደነበር ነግራኛለች።

6ኛ. ይህን የምለው ሳላሽሟጥጥ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሼኽ ከቢር፣ ሽማግሌያችን፣ የሬሕማን የመውጫ ፈቃድ፣ እዚህ ኹሩጅ የሚሉትን፣ ጀዋዛት ከሚባለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ደጅ እየጠኑ ነው ያወጡላት። መኖሪያ ፈቃድ ስለሌላት በምሕረት የተሰጠ ነው። በየካቲት መጨረሻ ያበቃል። ካበቃ እንደገና ራሷ ቀርባ ወረፋ መያዝ አለባት፤ ምሕረቱም ሁለተኛ ጊዜ ላይገኝ ይችላል። ያን ጊዜ የምታልፈው ድንበር ሳይሆን የምትደበቅበት ጓሮ ነው የሚኖራት፤ ፖሊስ አፈሳ በመጣ ቁጥርም መሮጥ ትችል እንደሆነ ለእርስዎ ግምት እተወዋለሁ።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ አውቶቡሱ የካቲት ሳያልቅ ይምጣ፤ የኋላው ወንበር ባዶ ይሁን። ብስክሌተኛ አያስፈልግም። ባነር አያስፈልግም። ምሳ የፈለገ ይበላል። መዲና ሌላ ፍራሽ መስፋት ጀምራለች፤ የመጀመሪያውን ብስክሌቶቹ ከለመዱት እነሱ ይያዙት።

ለሰው ልጅ ያለዎት ርኅራኄ ከአገር አገር ሲሻገር በአደባባይ የታየልዎት፣ ወደ ፊትም በሌሎች ዋና ከተሞች መካከል እንዲታይልዎት የምመኝልዎት፣ እዚያ ላሉትም ሕመምተኞች አላህ ጽናቱን እንዲሰጣቸው የምለምን፣ የክቡርነትዎን መልስ ከአውራ ጣት ከፍ ባለ መልኩ በአክብሮት የምጠባበቅ፣

ቢልልኝ ጥላዬ
ሳጃና፣ ካርቱም

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ከጽሕፈት ቤትዎ ተደውሎ፣ ለጉዞው የመዝጊያ መጽሔት ሽፋን የሬሕማ ፎቶ፣ «ከተቻለ ፈገግ ያለ»፣ እንድልክ ተጠየቅሁ። ጥያቄውን ለራሷ አደረስኩላት። እምቢ አላለችም። «መጥተው ያንሡኝ፤ አውቶቡሱን ግን ሞተሩን እንዳያጠፉት» ብላለች።