ለሒሳብ አዋቂዋ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰኔ 3/78፣ አምቦ፣ ከምሳ በኋላ

ቢሮ ነኝ። እንደ ወትሮው ደረሰኝ ከሒሳብ ካርድ ጋር እያመሳከርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አለቃዬ አቶ ግርማ ከፖስታ ቤት መጡና ከለንደን የመጣ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ፈራሁ። እሳቸው ከፈቱት። የመጨረሻውን ፈተና አልፌያለሁ! ማስታወሻዬ፣ ደብዳቤውን ሦስቴ አነበብኩት። የተመሰከረላት ሒሳብ አዋቂ፣ እኔ ቶለሺ።

አቶ ግርማ ከኔ ብሰው ዕድሌን ይደረድሩልኝ ጀመር። ባንክ አለ፤ መንግሥት እርሻ አለ፤ ኮሌጅ ማስተማር አለ፤ አ.አ. የኦዲት መ/ቤት አለ። የግል ቢሮ እከፍታለሁ ማለት ግን በዚህ ዘመን ዘበት ነው አሉ። የኔ ልብ ኦዲት ላይ ነው። ለማንም ሳያዳሉ መመርመር። ማመልከቻውን ዛሬውኑ ላክሁ።

ሰኔ 15፣ አምቦ

 ሽማግሌ ተላከብኝ!

ከጸሎት ቤት ስንመለስ አራት ሽማግሌዎች ደጃችን ቆመዋል። እርጥብ ሣር በእጃቸው። የእናቴ ፊት በራ። እኔ ጓዳ ገብቼ እምቢታዬን አዘጋጀሁ። ያን ሁሉ ዓመት ዓይኔ እስኪጠፋ ያነበብኩት ለማላውቀው ሰው ልዳር ነው? ተናድጃለሁ።

ኦቦ ቱሉ የሚባሉት ተናገሩ። የደንዲ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ለካ ሙሽራ የለም! የፈለጉኝ ለማኅበራቸው ሒሳብ ሠራተኛነት ነው። ሒሳብ ይይዝላቸው የነበረው ልጅ ለውትድርና ሄደ። ኦዲተር ሊመጣ ነው፤ የሚያስረዳ ሰው ካልተገኘ ሊቀመንበሩ ይታሰራሉ። ጭንቅ ስለሆነባቸው ለትልቅ ልመና እንደሚወጣ ሰው ሣር ይዘው ወጡ። ደነዘዝኩ። እናቴ እንኳ ቅር ያላት ይመስለኛል።

አባቴ ሣሩን በሁለት እጁ ተቀበለ። መልሱ ግን የሷ ነው አለ። ወደ አ.አ. አመልክቻለሁ አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ኦቦ ቱሉ በሩ ላይ ዘወር ብለው አዩኝ። ባይመርቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 27፣ አ.አ.

ተቀጠርኩ! ደስታዬ ግን ግማሽ ቀን አልቆየም። ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያ ምድቤን ነገሩኝ። የደንዲው ማኅበር። ቋንቋውን ታውቂያለሽ፣ አገርሽ ነው አሉ ደስ ብሏቸው። ክው አልኩ።

ሌላ ቦታ መድቡኝ ብዬ ለመንኩ። ዘመድ አለሽ? የለኝም። ገንዘብ ተቀብለሻል? ኧረ በፍጹም። ታዲያ ምን ተቀበልሽ? ሣር አልኳቸው። ሳቁ። ሣር ዋጋ ስለሌለው ስጦታ አይባልም አሉ። በደንቡ ልክ ናቸው። ደንቡን የጻፈው ሰው ግን ሣር ተይዞ ሲለመን አላየም። ሌላ ምድብ የለም፤ እስከ ሰኞ ወስኚ አሉኝ።

ሰኔ 28፣ ማታ

ከአ.አ. ስመለስ ደንዲ፣ ጊንጪ ላይ ወረድኩ። ኦቦ ቱሉ የማኅበሩ ወፍጮ ቤት ደጅ ነበሩ። ኦዲተር ሆኜ የተመደብኩባቸው እኔ መሆኔን ነገርኳቸው፤ ይቆጣሉ ብዬ ስፈራ ሰውዬው ሳቁ። ዋቃ ሰማን፣ ፈጣሪ ሰማን አሉና ሰዎቹን ጠሩ። ኢንተላ ኬኛ አሉ፣ የኛው ልጅ ናት የምትመረምረን፤ ከእንግዲህ እንተኛለን። ዱቄት የለበሰች ሴትዮ ጉንጬን ሳመችኝ። ድንጋጤዬ ከአ.አ.ው ባሰ።

ጉድለት ባገኝስ? አልኳቸው።  ኦቦ ቱሉ፣ «ልጅ አባቷን ታሳስራለች እንዴ?» አሉ። መቆጣታቸው አልነበረም። የምራቸውን ነው የጠየቁኝ።

አውቶቡስ ውስጥ ለራሴ ማልኩ። ጉድለት ባገኝ እጽፋለሁ አልኩ። ራሴን አላመንኩትም። የዛሬው ትልቁ ድንጋጤ እሱ ነው።

ሰኔ 30፣ አምቦ

ከቴሌ ደወልኩ። ይህን ማኅበር መመርመር አልችልም አልኩ። እንግዲያው ቦታሽን ለሌላ እንሰጣለን አሉ ሥራ አስኪያጁ። ዘጉት። አቶ ግርማ አብደሻል አሉኝ፤ የለንደን ፈተና አልፎ ወፍጮ ቤት? ፊታቸው አለቀስኩ። ቆጭቶኛል፣ በጣም።

ሆኖም ወደ ኦቦ ቱሉ ሰው ልኬአለሁ። ሒሳብ ሠራተኛችሁ ሆኜ እመጣለሁ፣ ግን በአንድ ውል። ጉድለት ካለ ለኦዲተሩ ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ። ከሰዓት መልስ መጣ። ቅር እያላቸው እሺ ብለዋል።

በሚመጣው ሰኞ እገባለሁ። ኦዲተሩ ሐምሌ ሳያልቅ ይደርሳል። መዝገባቸው ንጹሕ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከሰኞ በኋላ ጉድለት ቢገኝ የሚጠየቁት ኦቦ ቱሉ ብቻ አይደሉም። ሒሳቡ ላይ የሚሰፍረው ፊርማ የኔም ነው።