የዳቦ ቤቱ «ዳ»

ማክሰኞ፣ ጥር 6
እኔ እናገራለሁ፣ ባለቤቴ ትጽፋለች። እንደወረደ ጻፊ ብያታለሁ። ዛሬ የዳቦ ቤቱን ታፔላ አደስኩ። በዚህ መንገድ ላይ ያለውን ታፔላ ሁሉ የሳልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ምንም የለም። እጄ ትንሽ... ተይው፣ እሱን አትጻፊ። ጻፍሽው እንዴ?

ዓርብ፣ ጥር 9
ልጄ መጣች። ሥራዋ ኮምፒውተር ላይ ነው። «አባዬ፣ ፊደልህን ፎንት ላደርገው ነው» አለች። ምንድነው እሱ? ማንም ቁልፍ ሲጫን በእኔ እጅ ይጻፋል ማለት ነው አሉ። እኔ ሳልኖርም? «ሳትኖርም።» ደስ አለኝ? እንጃ። ቁጭ ብድግ ስል ዋልኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 14
«ከሀ ጀምረህ ጻፍልኝ» አለች። ማንበብ እንደማልችል ረሳችው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሳልኩት ሰው ጽፎ የሰጠኝን ነው። ለብቻዋ የቆመች ፊደል አላውቅም። «እሺ፣ ‹ዳ›ን ስጠኝ» ስትለኝ «ዳቦ ቤት» ብዬ ከዳር እስከ ዳር ሳልኩና «በይ ውሰጂ፣ መጀመሪያ ያለችው ናት» አልኳት። በሳቅ ፈረሰች። ልብስ ሰፊ፣ ጭማቂ ቤት፣ ፀጉር አስተካካይ... ወለሉ በወረቀት ተሞላ።
ከሰዓት በኋላ የሳልኳቸው ተንቀጠቀጡ። ፍራሽ ስር ሸጎጥኳቸው። ባለቤቴ አየችኝ።
«አንተ ሽማግሌ፣ ከማን ነው የምትደብቀው?»
«ዝም ብለሽ ጻፊ።»

ቅዳሜ፣ ጥር 24
ልጄ ፎንቱን አሳየችኝ። ያምራል። ታዲያ ምን ቆረቆረኝ? ወጣሁ፣ ገባሁ... አገኘሁት!
«በካውያ የተተኮሰ ሸሚዝ አደረግሽው! ዳ ሁሉ አንድ መልክ? የእኔዋ አንዴ ትወፍራለች፣ አንዴ ቀለም ያልቅባትና እግሯ ይሳሳል።»
«አባዬ፣ ለስላሳ ለስላሳውን መርጠህ የሰጠኸኝ አንተ። እኔ ከየት ላምጣ?»
እውነቷን ነው።

ሰኞ፣ ጥር 26
ፍራሹን ገለበጥኩ። «እንኪ። እነዚህም የእኔ ናቸው።»
ወረቀቱን አየች፣ እጄን አየች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»
«ፎንት ሠሪ ነሽ ወይስ ሐኪም?»
ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ሁሉንም አስገባቸዋለሁ፣ እየተቀያየሩ ይወጣሉ» አለች።
«ለመድኃኒት ቤት ግን እንዳትሰጪ» አልኳት። «ይሄ ፊደል ቀልደኛ ነው፣ የታመመ ሰው አይወደውም። ለጭማቂ ቤት፣ ለፀጉር አስተካካይ ስጪው።»
ጥሩ አደረግኩ? ሰፈሩ እጄ መንቀጥቀጡን ያያል... ይየው!

ረቡዕ፣ የካቲት 12
ጠዋት ብርጭቆ ከእጄ አመለጠ። ባለቤቴ ጠረገችው። እኔም ወጣሁ።
ማዶ ፀጉር አስተካካዩ አዲስ ታፔላ ሰቅሏል። መሰላል አልወጣሁ፣ ብሩሽ አልነከርኩ። ግን የእኔ እጅ ነው! አንዷ ወፍራለች፣ አንዷ ሳስታለች፣ አንዷ ትንቀጠቀጣለች። ሥሩ ቆሜ ቀረሁ። ግማሽ ጺሙን የተላጨ ደንበኛ ከነሳሙናው ብቅ አለ።
«ጋሼ፣ እጅዎ እኮ ያስታውቃል! መቼ መሰላል ወጥተው ጻፉት?»
«ቤቴ ተቀምጬ» አልኩት።