የመቀጥቀጫ ቤቱ መስኮት

ለሩቁም ለቅርቡም፣ ለወዳጅም ለጠላትም፣ ይልቁንም ለጠላት፣ ይህ ይታወቅ፤ ካለፈው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ ጠፍቶ የነበረው የግራ እግር ካልሲዬ ዛሬ ማለዳ ከትራሴ ሥር በደህና ተገኝቷል። ያገኘሁትም እኔው ራሴ ነኝ። ይህን ከሁሉ ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ምራቴ፣ የትልቁ ልጄ ሚስት፣ «ሽማግሌው አእምሮው ተነክቷል፣ ካልሲውን እንኳ የት እንዳደረገ አያውቅም» እያለች ሰፈሩን ስታዳርስ ሰንብታለች። ነገ በዚህ ሰበብ ቃሌን ለማፍረስ የሚነሣ ቢኖር፣ ካልሲው ይመስክርልኝ።

እኔ ቢላ ሠሪው፣ ሰው ሁሉ «አያ ሞረድ» እያለ የሚጠራኝ፣ ዛሬ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ በመቀጥቀጫ ቤቴ ውስጥ፣ በሽቦ አልጋዬ ላይ ትራስ ተደግፌ፣ ልቡናዬ ሙሉ፣ ምላሴ ስል፣ ሳንባዬ ብቻ እንደ አሮጌ ወናፍ የሚያፈስ ሆኖ ሳለ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ኑዛዜ እናገራለሁ። አልጋዬ እዚህ የገባው ለእሳቱ ሙቀት ነው ይባላል። እውነቱ ግን ቤቱን ለመጠበቅ ነው፤ ከማን እንደምጠብቀው ወደ ፊት ይነገራል።

የሚጽፈው ጡረታ የወጣው መምህር ነው። ምስክሮቼ ባለሉካንዳውና ፀጉር አስተካካዩ ናቸው፤ ሁለቱም ዕድሜያቸውን በእኔ ስለት የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ መርጫቸዋለሁ። ወራሾቼ ሁለት ልጆች ናቸው። ትልቁ፣ ነጋዴው፣ በሩ ላይ ቆሟል። ታናሺቱ ወናፉን ትነፋለች፤ ለአንድ ሰው ሞት ብላ ሥራ የምታቆም ዓይነት አይደለችም። መምህሩን የምለውን ብቻ ሳይሆን ጣልቃ የሚገባ ሰው የሚለውንም፣ ሳያሳምር እንዲጽፍ አስጠንቅቄዋለሁ።

አንደኛ። ከወንዙ ማዶ ያለው መሬቴ ለትልቁ ልጄ ይሁን። ድንጋያማ ነው። ከሰው ጋር መነጋገር ስላልሆነለት ከድንጋይ ጋር ይሞክር። በቅሎዋም ለእሱ ትሁን፤ ትራገጣለች።

«እግዜር ይስጥልኝ አባዬ፣» አለ ልጄ ከበሩ ላይ፣ «መራገጡን ከማን እንደተማረች አውቃለሁ።»

ጻፈው አልኩ፤ ተጻፈ።

ሁለተኛ። ለምራቴ ባለክዳኑን ትልቁን ድስት ሰጥቻለሁ። ድስቱን ብትሸጠው ግድ የለኝም፤ ክዳኑን ግን ለአፏ ታስቀረው።

ሦስተኛ። ከልጅ ልጆቼ መካከል ለዚያች ለምትናከሰዋ፣ ብርቱካን የምልጥባትን ትንሿን ቢላ እተዋለሁ። ስለቷን ዛሬ ጠዋት በድንጋይ አዶልዱሜዋለሁ። ለጊዜው የሚያስፈልጋት ስለት አፏ ውስጥ አላት። ከዘሬ ሁሉ እኔን የመሰለች እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ማንም እንዳይቆጣት።

አራተኛ። አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ይህች መቀጥቀጫ ቤቴ፣ ብረት ከሚቀጠቀጥበት ከመስፏ፣ ከነወናፏ፣ ከጉጠቱ፣ ከመዶሻውና ከሞረዱ ጋር፣ ለሴት ልጄ ትሁን። ክንዴ ከከዳኝ ወዲህ መዶሻውን የምታነሣው እሷ ናት። የእኔ ሥራ ተቀምጦ መሳደብ ብቻ ነው፤ እሱንም አሳምሬ እሠራዋለሁ።

ለትልቁ ልጄ የማልሰጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ባለፈው ወር በትኩሳት ተኝቼ ሳለ ወለሉን በሜትር ሲለካ በአንድ ዓይኔ አይቼዋለሁ። አልጋዬ ጋ ሲደርስ ሜትሩን በደረቴ ላይ አሳለፈው። ቤቷን አፍርሶ፣ የሚጠቀለል የብረት በር ገጥሞ፣ ከፋብሪካ የወጣ በፕላስቲክ የታሸገ ቢላ በደርዘን ሊሸጥባት ነው። ያ ቢላ ምን እንደሚቆርጥ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የታሸገበትን ፕላስቲክ እንኳ ሰው የሚቀደው በጥርሱ ነው።

«አባዬ፣ ዘመኑን እይ እንጂ!» አለ። «ሰው የሚፈልገው ርካሽ ነገር ነው። ሲደነዝዝ ይጥለዋል፣ ሌላ ይገዛል። አንተና እሷ እዚህ ለአንድ ቢላ በጥላሸት ስታነጥሱ ትውላላችሁ።»

«እኔ ከሠራሁት ሁሉ ካንተ በቀር የደነዘዘ የለም» አልኩት።

ባለሉካንዳው ሳቀ። ሳቁም ይጻፍ ብያለሁ።

ነገር ግን ቤቷን የምሰጣት በአንድ ውል ነው። ከራስጌዬ ያለው መስኮት በድንጋይና በጭቃ ይደፈን። እኔ ከመቀበሬ በፊት ካልተደፈነ ቤቷ ለትልቁ ልጄ ትለፍ፤ እንደ ፍጥርጥሩ ያድርጋት።

ነገሩን የማያውቅ ዳኛ ይህን ቢያነብ እንዳይደናገር ታሪኩን ልናገር። ቢላ ሠሪ ብረት የሚያግለው በጨለማ ነው። ድሮ ይህች ቤት ከበሩ በቀር ቀዳዳ አልነበራትም፤ ይህም ከድህነት አልነበረም፣ ሥራው ያዘዘው ነው። ከመኪና ባሌስትራ የተቆረጠውን ብረት ከሰሉ ውስጥ ከትተህ ወናፉን ስትነፋ፣ አውጥተህ ዘይት ውስጥ የምትነክርበትን ጊዜ የሚነግርህ ቀለሙ ብቻ ነው። የበሰለ ቲማቲም ሲመስል ታወጣዋለህ። በጨለማ ቀለሙ አይዋሽህም። የፀሐይ ብርሃን ካለ ግን ከልክ ያለፈው ብረት ገና ያልጋለ ይመስልሃል፤ እሳት ትጨምርበታለህ። ያኔ ብረቱ ይቃጠላል። ስትነክረው ጣ! ብሎ ይሰነጠቃል፤ ባይሰነጠቅም ቆይቶ እንደ ብስኩት ይሰበራል።

እኔ ከሰል ልገዛ ገበያ በሄድኩበት ቀን ይኸው ልጄ ግድግዳውን በሳው። መስታወት ገጥሞ፣ ጠርዙን አረንጓዴ ቀብቶ፣ ቀለም በአፍንጫው ላይ እንዳለ ጠበቀኝ። «አባዬ፣ ዓይንህ እንዳይደክም ብዬ ነው» አለ። አመሰገንኩት። በዚያ ብርሃን መጀመሪያ የሠራሁት የባለሉካንዳውን ቢላዎች ነበር።

«አስታውሳለሁ፣» አለ ባለሉካንዳው። «አጥንት እንኳ ሳይነካ፣ ጉበት ላይ ነው የተሰበረው። ጉበት ላይ! ደንበኛ ፊት!»

«ዝም በል። አንተ ምስክር ነህ እንጂ ከሳሽ አይደለህም።»

«ጉበት ላይ» አለ ደግሞ፣ ለራሱ።

መስኮቱን በማውጣቱ አልተቀየምኩትም። የተቀየምኩት ከዚያ በኋላ ባደረገው ነው። ጥፋቱ የብርሃኑ መሆኑን ነግሬው፣ በዓይኑም አሳይቼው ሳለ፣ ገበያ መሃል ቆሞ «ምን ይደረግ፣ የአባዬ እጅ አረጀ» አለ። የእኔ እጅ! ያየኝ ሁሉ «አይዞህ፣ እርጅና ነው» እያለ መዳፌን እንደ በሽተኛ ሲያሻሽልኝ ከረመ። ከዚያን ቀን ወዲህ ለልጄ ከሰላምታ ያለፈ ደግ ቃል ሰጥቼው አላውቅም፤ ሰላምታውም ቢሆን በግማሽ አፌ ነው።

ሚስቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ እዚሁ ቤት ተቀምጣ የቢላዎቹን አፎት በቆዳ ትሰፋ የነበረችው፣ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ «ያንን ቀዳዳ ድፈነው፣ አደራ» ብላኛለች።

መምህሩ ብዕሩን አነሣ። «ታዲያ ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ለምን አልደፈኑትም?»

«ጭቃ አልነበረም።»

«ስንት ክረምት አልፎ፣ ጭቃ አልነበረም?»

«አንተ ጻፍ።»

በዚህ ጊዜ ወናፉ ቆመ። ሴት ልጄ እጇን በሽርጧ ጠረገችና፣ «አባባ፣ እኔ አልደፍነውም» አለች።

«ጆሮዬ ነው?»

«ጆሮህ ደህና ነው። ብረት ሳግል የሰቀልኩትን ጆንያ መስኮቱ ላይ አወርዳለሁ፤ ቤቱ ይጨልማል። ስሞርድ ጆንያውን አነሣለሁ። ሞረድ ብርሃን ይፈልጋል። አንተ በጨለማ ስትሞርድ የግራ አውራ ጣትህን ጫፍ የት እንደጣልከው ታውቃለህ?»

«እዚሁ ወለሉ ላይ ይኖራል።»

«እኔ የራሴን እወደዋለሁ።»

ትልቁ ልጄ ፊቱ በራ። «መምህር፣ ተጽፏል አይደል? ካልተደፈነ ለኔ ነው የሚለው?» እጁ ወደ ኪሱ ሲገባ አየሁ። ሜትሩ የሚኖረው እዚያ ነው።

«ተጽፏል» አለ መምህሩ፣ እያዘነ።

ሴት ልጄን ጠጋ በይ አልኳትና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አንቺ ሞኝ፣ አሁን ድፈኚው። እኔ ስቀበር መልሰሽ ትከፍቺዋለሽ፤ ከዚያ ሆኜ ምን አያለሁ?» አልኳት። መምህሩ ይህንንም ጻፈው፤ ራሴ ባዘዝኩት መሠረት ስለሆነ ልከለክለው አልቻልኩም።

«አልዋሽህም፣» አለች። «ውሉን ካልሰረዝክ ቤቱን ለእሱ ስጠው። እኔ መስፉን በበቅሎዋ ጭኜ ሄጄ ዛፍ ሥር እቀጠቅጣለሁ።»

«በቅሎዋ የእሱ ሆናለች።»

«እንግዲያው ተሸክሜው እሄዳለሁ።»

ያንን መስፍ ሁለት ወንድ አያነሣውም። እሷ ግን ታነሣዋለች ብዬ ፈራሁ።

ፀጉር አስተካካዩ፣ «ጋሼ፣ ለአንድ ቀዳዳ ብለው ቤት ሙሉ ሊያጡ ነው» አለ።

«አንተ ሰው ስትላጭ እንጂ ስትናገር አታምርም» አልኩት። የሰደብኩት ያለው ልክ ስለነበረ ነው።

ብዙ ሳልሁ። ከዚያ መምህሩን «ሰርዝ» አልኩት።

«የቱን?»

«'ነገር ግን ቤቷን' ከሚለው 'ያድርጋት' እስከሚለው ድረስ። ስረዛው ግን እንዲታይ አድርገው፤ እንዴት እንደተሸነፍኩ ዳኛውም ይወቅ።»

አምስተኛ፣ በተሰረዘው ምትክ የተጻፈ። መቀጥቀጫ ቤቴ ከነዕቃዋ፣ ከነጣሪያና ግድግዳዋ፣ ያለ ምንም ውል ለሴት ልጄ ናት። መስኮቱን ግን ለትልቁ ልጄ አውርሼዋለሁ። የበሳው እሱ ነው፣ ይውረሰው። በዙሪያው ያለው ግድግዳ የእህቱ ነው፤ ቀዳዳው የእሱ ነው። ቢፈልግ ይሽጠው፣ ቢፈልግ ያከራየው፣ ቢፈልግ በፕላስቲክ ያሽገው። ሆኖም ጥላሸት ስለሚይዘው በየቅዳሜው እየመጣ መስታወቱን ከውጭ በኩል የመወልወል ግዴታ አለበት። ሲወለውል ወደ ውስጥ ቢያይ አልከለክለውም። የማን እጅ ምን እንደሚሠራ ያያል፤ ገበያ ላይም የሚያወራው አያጣም።

«አሁን ይሄ ኑዛዜ ነው ወይስ ስድብ?» አለ ልጄ። ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«ሁለቱም ነው። ስድቡን ላንተ ብቻ ነው ያወረስኩህ፤ ማንም አይካፈልህም።»

ምክርም ከእኔ ይጠበቃል መሰለኝ። ልጆቼ፣ ብትጣሉ በቤቷ ደጅ ተጣሉ እንጂ በቤቷ ምክንያት አትጣሉ። አንቺ ልጄ፣ ጆንያው ተቀዷል፤ አዲስ ስቀዪ።

ይህን ቃል ስናገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረውኝ የነበሩት ምስክሮች በየተራ ፈርመዋል። ባለሉካንዳው ከፊርማው አጠገብ ስለ ጉበቱ ሊጨምር ሲል ከልክዬዋለሁ። ፀጉር አስተካካዩ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ፈርሟል፤ ምላጩን እንደዚያ ቢይዝ ኖሮ ጆሮዬ ላይ ያለው ጠባሳ አይኖርም ነበር። ሴት ልጄ በጥላሸት እጇ ፈርማለች። ትልቁ ልጄ መስማቱን ለማረጋገጥ ሊፈርም ወረቀቱን የመስኮቱ ደፍ ላይ ሲያስደግፍ፣ «ደፉ የእህትህ ነው፣ አስፈቅድ» አልኩት። ዞር ብሎ አያት። «ፈርም» አለችው። ፈረመ። እኔም በቀኝ አውራ ጣቴ አትሜያለሁ።

ከጣት አሻራው በታች የተጨመረ። መምህሩ «ጋሼ፣ ሰነዱ ኋላ እንዳይፈርስ፣ ያልሆነ ነገር አስገብተው ከሆነ አሁኑኑ ይናገሩ» ስላለኝ፣ አንድ ብቻ አለ። ሚስቴ ስለ መስኮቱ አለች ያልኩት የእኔ ፈጠራ ነው። ድፈነው አላለችም። አንድ ቀን በንዴት ጭቃ አቡክቼ፣ ድንጋዩንም ተሸክሜ መጥቼ ነበር። እሷ አፎት እየሰፋች ነበር። መርፌዋን ሳታቆም፣ «ተው እንጂ፣ ፀሐይዋ እግሬ ላይ ናት» አለች። ጭቃው እጄ ላይ እንዳለ ደረቀ።